ከራስን ማጥፋት ሙከራ በኋላ የሚታይ የድባቴ ምልክቶች ለውጥ

ከራስን ማጥፋት ሙከራ በኋላ የሚታይ የድባቴ ምልክቶች ለውጥ የሚባለው፣ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈ ሰው ከሙከራው በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ ሳምንታትና ዓመታት በስሜቱ፣ በእንቅልፉ፣ በምግብ ፍላጎቱ፣ በተስፋውና በሞት ሐሳቡ ላይ የሚታየው መሻሻል ወይም መባባስ ነው። በብዙ ሰዎች ላይ ምልክቶቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ሲሉ ይታያሉ። ይህ እፎይታ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ቢሆንም ከሕመሙ መዳንን አያመለክትም። ምልክቶቹ ከሳምንታት በኋላ ሊመለሱ ይችላሉ፤ ለዳግም ሙከራ ከፍተኛ ስጋት ያለውም ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መሻሻል ክትትልን ለማቋረጥ ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም።

በሌላ በኩል፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ከተረፉ ሰዎች አብዛኞቹ በኋላ ራሳቸውን በማጥፋት አይሞቱም። ተገቢ ሕክምናና ክትትል ሲያገኙ ድባቴው ይታከማል፣ የዳግም ሙከራ ዕድልም ይቀንሳል።

ትርጓሜ

ድባቴ (ዲፕሬሽን) ከተራ ሐዘን የተለየ የአእምሮ ሕመም ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እንደሚለው፣ አንድ ሰው ከባድ ድባቴ አለበት የሚባለው ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንታት ያህል አብዛኛውን ቀን ሲታዩበት ነው። ከአምስቱ አንዱ የተጫጫነ ስሜት ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። የቀሩት ምልክቶች የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት ለውጥ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የእንቅስቃሴ መፍዘዝ ወይም መቅበጥበጥ፣ ድካም፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ወይም ከመጠን ያለፈ ጸጸት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ እንዲሁም ስለ ሞት ደጋግሞ ማሰብ ናቸው።

ራስን የማጥፋት ሙከራ ማለት ግለሰቡ በተወሰነ ደረጃ ለመሞት አስቦ በራሱ ላይ የፈጸመውና በሞት ያልተጠናቀቀ ድርጊት ነው። ሙከራ ያደረገ ሰው ሁሉ ድባቴ አለበት ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከሙከራ በኋላ ወደ ሕክምና በሚመጡ ሰዎች ላይ በብዛት ከሚገኙት የአእምሮ ሕመሞች ድባቴ ግንባር ቀደሙ ነው። የአልኮልና የሌሎች ሱሶች፣ የባይፖላር ሕመም፣ የስብዕና መታወክ እንዲሁም ድንገተኛ የቤተሰብ፣ የፍቅር ወይም የገንዘብ ቀውስም የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። የምልክቶቹ ቀጣይ አካሄድ በአብዛኛው ከሙከራው በስተጀርባ ባለው ችግር ይወሰናል።

የምልክቶቹ አካሄድ

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት

ሰውየው ከሕይወት አደጋ ከወጣ በኋላ የሚሰማው ስሜት ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ በመትረፉ ይደሰታል፣ አንዳንዱ ያፍራል ወይም ይቆጣል፣ ሌላው ደግሞ ምንም ስሜት የሌለው ይመስላል። ብዙዎች ሁለት ተቃራኒ ስሜቶች በአንድ ጊዜ ይፈራረቁባቸዋል። በአካል ጉዳት፣ በመድኃኒት ወይም በእንቅልፍ እጦት ምክንያት ግራ መጋባትም ሊኖር ይችላል።

በዚህ ወቅት ጎልቶ የሚታየው ለውጥ የድባቴው ድንገተኛ መቅለል ነው። ከሙከራው በፊት ለሳምንታት ያልበላና ያልተኛ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሊበላ፣ ሊተኛ፣ ከጠያቂዎቹ ጋር ሊጫወትና ስለ ነገው ሊያቅድ ይችላል። ይህ ክስተት በሥነ አእምሮ ጽሑፎች የካታርሲስ ውጤት ይባላል። ካታርሲስ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ሲሆን መንጻት ወይም መጥራት ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት

ከሆስፒታል ወደ ቤት መመለስ አዲስ ምዕራፍ ይከፍታል። ሕመሙን ያባባሱት ነገሮች ማለትም ዕዳ፣ ጠብ፣ ሥራ ማጣት፣ የትምህርት ውድቀት ወይም ብቸኝነት በቦታቸው ይጠብቃሉ። በዚያ ላይ የሰው ወሬና ኀፍረት ይጨመራል። ጠያቂው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ቤተሰብም ወደ የዕለት ሥራው ይመለሳል። በሙከራው ማግስት ጠፍተው የነበሩ ምልክቶች፣ በተለይ የእንቅልፍ እጦት፣ ጸጸትና ተስፋ መቁረጥ፣ በዚህ ጊዜ ሊያገረሹ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ 100 ጥናቶችን ያጠቃለለ ዳሰሳ ይህን ወቅት በቁጥር አሳይቷል። ከአእምሮ ሕክምና ተቋማት የወጡ ታካሚዎች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን በአማካይ ከ100,000 ሰዎች በዓመት 484 ሆኖ ሲገኝ፣ ከወጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሦስት ወራት ግን 1,132 ነበር። ዳሰሳው ሙከራ ያደረጉትንም ያላደረጉትንም ታካሚዎች የያዘ ነው።

የረጅም ጊዜ አካሄድ

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ የጥናቶች ማጠቃለያ በራሳቸው ላይ ጉዳት አድርሰው ሆስፒታል የታከሙ ሰዎችን ተመልክቷል። ከእነዚህ መካከል 16 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ድርጊቱን ደግመዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉት 1.6 በመቶ ሲሆኑ በአምስት ዓመት ውስጥ 3.9 በመቶ ሆነዋል። እነዚህ ቁጥሮች ሁለት ገጽታ አላቸው። ስጋቱ ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍተኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ቀደም ሲል የተደረገ ሙከራን ዋነኛ የስጋት ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚያው ልክ ግን ከመቶ ሰዎች ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም ራሳቸውን አላጠፉም።

ድባቴው ራሱ በረጅም ጊዜ ሦስት መልክ ሊይዝ ይችላል። በአንዳንዶች ላይ ቀውሱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በሌሎች ላይ እየተመላለሰ ይከሰታል። በጥቂቶች ላይ ደግሞ ሳይለቅ ለዓመታት ይቆያል። ድባቴ በባሕርዩ ተመላላሽ ሕመም በመሆኑ ከተሻለ በኋላም ሕክምናውን ለወራት መቀጠል ያስፈልጋል።

ምልክቶቹ እኩል አይለወጡም

የድባቴ ምልክቶች በአንድ ጊዜና በአንድ ፍጥነት አይሻሻሉም። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሰው ዓይን የሚታዩ ስለሆኑ ቤተሰብ መሻሻልን በእነርሱ ይለካል። ተስፋ መቁረጥና የሞት ሐሳብ ግን ካልተጠየቁ አይታዩም።

ተስፋ መቁረጥ ማለት ነገሮች ወደፊትም አይስተካከሉም ብሎ ማመን ነው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ተስፋ መቁረጥን ለብቻው የሚለካ መጠይቅ አዘጋጅተዋል። የእነርሱ ምርምር ተስፋ መቁረጥ ከአጠቃላይ የሐዘን መጠን ይልቅ ከራስ ማጥፋት ጋር ጥብቅ ዝምድና እንዳለው አመልክቷል። በዚህ መሠረት ሐዘኑ ቀሎለት ተስፋው ያልተመለሰ ሰው ገና ከስጋት አልወጣም።

ሰውየው ለመትረፉ ያለው ስሜትም ትርጉም አለው። ቤክ የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከሙከራ በኋላ ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን በመትረፋቸው የተደሰቱ፣ ልባቸው የተከፈለና ሞቼ በነበር የሚሉ በማለት በሦስት ከፍሎ ተከታትሏል። ሞቼ በነበር ያሉት ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ በኋላ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሐኪሞች «አሁን በመትረፍህ ምን ይሰማሃል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቃሉ።

ጸጸትና ኀፍረት ደግሞ ከሙከራው በኋላ ሊጨምሩ የሚችሉ ምልክቶች ናቸው። ከሙከራው በፊት የነበረው «ለሰው ሸክም ነኝ» የሚል ሐሳብ፣ ቤተሰብ ለሕክምና ሲያወጣና ሲንገላታ ሲታይ ሊጠናከር ይችላል።

የእፎይታው ምክንያቶች

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መሻሻል ለምን እንደሚመጣ የሚያስረዱ ልዩ ልዩ ማብራሪያዎች አሉ። በአንድ ሰው ላይ ከአንድ በላይ ሊሠሩ ይችላሉ።

የውጥረት መርገብ። ከሙከራው በፊት ያለው ጊዜ «ልሙት ወይስ ልኑር» በሚል የውስጥ ትግል የተሞላ ነው። ድርጊቱ ይህን ትግል ለጊዜው ይቋጨዋል።

የአካባቢ ለውጥ። ሰውየው ችግሩ ካለበት ቤት ወጥቶ ሆስፒታል ይገባል። ተኮራርፈው የነበሩ ዘመዶች ይመጣሉ፣ አበዳሪ ይታገሣል፣ ጠበኛ ይታረቃል። ለብቻው ይዞት የነበረው ምስጢር ይገለጣል። ይህ እውነተኛ ድጋፍ ነው፤ ዘላቂነቱ ግን ድጋፉ በመቀጠሉ ላይ ይወሰናል።

የሕክምና መጀመር። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት፣ ምግብና ዕረፍት ብቻቸውን የተወሰኑ ምልክቶችን ያቀልላሉ። የፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ግን ሙሉ ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ የሁለተኛውን ወይም የሦስተኛውን ቀን መሻሻል ለእነርሱ መስጠት አይቻልም።

የልኬት ባሕርይ። ሙከራ የሚደረገው ምልክቶቹ ጫፍ በደረሱበት ሰዓት ነው። ጫፍ የደረሰ ነገር በሚቀጥለው ልኬት ዝቅ ብሎ መገኘቱ በስታቲስቲክስ የሚጠበቅ ነው፤ ይህም ወደ አማካይ መመለስ ይባላል።

መደበቅ። አንዳንድ ታካሚዎች ቶሎ ወደ ቤት ለመሄድ፣ ቤተሰብን ላለማስጨነቅ ወይም ከኀፍረት የተነሣ ደህና ነኝ ይላሉ። ጥቂቶች ደግሞ የሞት ውሳኔያቸው ስላልተለወጠ ሊረጋጉ ይችላሉ። ይህን ዓይነቱን መረጋጋት ከእውነተኛ እፎይታ በመልክ ብቻ መለየት ከባድ ነው።

የምርምር ታሪክ

ከሙከራ በኋላ ታካሚዎች ቀለል እንደሚላቸው ሐኪሞች አስቀድመው ያስተውሉ ነበር። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሄርማን ቫን ፕራግና አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሮበርት ፕሉቺክ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጽሑፍ ጉዳዩን በልኬት ፈትሸዋል። ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ የድባቴ ታካሚዎችን ካልሞከሩት ጋር አነጻጽረው፣ በሞከሩት ላይ የድባቴው መጠን ከሙከራው በኋላ ባጭር ጊዜ መቀነሱን ዘግበዋል። ጀርመናዊው ቶማስ ብሮኒሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ጽሑፍ የካታርሲስ ውጤት በእርግጥ አለ ወይ የሚለውን ጥያቄ አንሥቷል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች መሻሻሉ ከሙከራው ነው፣ ከሆስፒታል ቆይታው ወይስ ከልኬቱ ባሕርይ የሚለውን ለመለየት ሞክረዋል።

የሥነ ሕይወት ምርምርም ጎን ለጎን ሄዷል። ስዊድናዊቷ ማሪ ኦስበርግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ሲፈርስ የሚተወው ንጥረ ነገር በጀርባ አጥንት ፈሳሻቸው ውስጥ አነስተኛ በሆነባቸው የድባቴ ታካሚዎች ላይ ከባድ ሙከራ በብዛት እንደሚታይ ዘግበዋል። ይህ ግኝት ራስን የማጥፋት ዝንባሌ ከድባቴ ጋር ቢዛመድም የራሱ መንገድ ሊኖረው ይችላል የሚለውን አስተሳሰብ አጠናክሯል። ሐዘኑ በቀለለበት ጊዜም ስጋቱን ለብቻው መመርመር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የልኬት ችግሮች

የድባቴን መጠን ለመለካት በብዛት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የሃሚልተን መለኪያ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ባለ 9 ጥያቄ የታካሚ ጤና መጠይቅ ሲሆን ከ0 እስከ 27 ነጥብ ይሰጣል። የዚህ መጠይቅ የአማርኛ ትርጉም በኢትዮጵያ በሚገኙ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል።

እነዚህ መሣሪያዎች ከሙከራ በኋላ ሲሠራባቸው ሁለት ችግሮች ይነሣሉ። አንደኛ፣ ባለ 9 ጥያቄው መጠይቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። ሙከራው ከአምስት ቀን በፊት ከተደረገ መልሱ ከሙከራው በፊትና በኋላ ያለውን ጊዜ ያቀላቅላል። ሁለተኛ፣ ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከአካል ጉዳቱ፣ ከመድኃኒቱ ወይም ከሆስፒታሉ ጫጫታ ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ነጥቡ ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም። ሐኪሙ ታካሚውን በአካል አነጋግሮ፣ ቤተሰቡን ጠይቆና በሌላ ቀን ደግሞ መርምሮ ይወስናል።

ሕክምናና ክትትል

የደኅንነት ዕቅድ

አሜሪካውያኑ ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን ያዘጋጁት የደኅንነት ዕቅድ ታካሚውና ባለሙያው አብረው የሚጽፉት አጭር ሰነድ ነው። ስድስት ነገሮችን ይይዛል፦

1. ቀውሱ መምጣቱን የሚያስታውቁ የራሱ የታካሚው ምልክቶች፣
2. ታካሚው ለብቻው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው የሚያረጋጉ ነገሮች፣
3. ሐሳብን ለመቀየር የሚረዱ ሰዎችና ቦታዎች፣
4. እርዳታ የሚጠየቁ ዘመዶችና ጓደኞች፣
5. የሚደወልላቸው ባለሙያዎችና ተቋማት፣
6. ለጉዳት ሊያገለግሉ የሚችሉ ነገሮችን ከቤት የማራቅ ስምምነት።

በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህን ዕቅድ ከስልክ ክትትል ጋር ያገኙትን ታካሚዎች ከተለመደው አገልግሎት ጋር አነጻጽሯል። ዕቅዱን ባገኙት ላይ በስድስት ወር ውስጥ የታየው ራስን የማጥፋት ድርጊት በ45 በመቶ ያነሰ ነበር።

የንግግር ሕክምና

ብራውን፣ ቤክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት 120 ሙከራ ያደረጉ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ቡድን ከተለመደው አገልግሎት በተጨማሪ አሥር ጊዜ ያህል የአስተሳሰብ ሕክምና (ኮግኒቲቭ ቴራፒ) እንዲያገኝ ተደረገ። በ18 ወር ውስጥ ዳግም የሞከሩት ሕክምናውን ካገኙት 24 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 42 በመቶ ነበሩ። የድባቴው መጠንም ሕክምናውን ባገኙት ላይ ዝቅ ብሎ ታይቷል። በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የተዘጋጀ ሌላ አጭር ሕክምና ታካሚው የሙከራውን ታሪክ በራሱ አንደበት እንዲተርክ ካደረገ በኋላ ለሁለት ዓመት ደብዳቤ እየላከ ይከታተለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤቱም ዳግም ሙከራን በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል።

መድኃኒት

ለድባቴ የሚሰጡ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ይወሰዳሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 የፀረ ድባቴ መድኃኒቶች በሕፃናትና በታዳጊዎች ላይ የራስ ማጥፋት ሐሳብን ሊጨምሩ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በማሸጊያቸው ላይ እንዲወጣ አድርጓል፤ በ2007 ማስጠንቀቂያው እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶችን እንዲያካትት ተሰፋ። መልእክቱ መድኃኒቱን ተዉ ማለት ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቅርብ ተከታተሉ ማለት ነው። ሊቲየም በስሜት ሕመሞች ላይ ራስን ማጥፋትን እንደሚቀንስ ማስረጃ አለ። ለከባድ ድባቴ በማደንዘዣ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ሕክምናም ከፈጣን አማራጮች አንዱ ነው።

አጭር ግንኙነት

ያልተወሳሰበ ክትትል እንኳ ሕይወት ያድናል። አሜሪካዊው ጄሮም ሞቶ በሳን ፍራንሲስኮ ከሆስፒታል ወጥተው ተጨማሪ ሕክምና አንፈልግም ካሉ 843 ሰዎች መካከል ለግማሾቹ ያህል በአምስት ዓመት ውስጥ 24 አጫጭር ደብዳቤዎች እንዲላኩላቸው አደረገ። ደብዳቤዎቹ ደኅንነታቸውን ከመጠየቅ ያለፈ ነገር አይጠይቁም ነበር። ደብዳቤ በደረሳቸው ላይ ራስን የማጥፋት መጠን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ያስተባበረው ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በድንገተኛ ክፍሎች የታከሙ 1,867 ሙከራ ያደረጉ ሰዎች ተሳትፈዋል። አንዱ ቡድን የአንድ ሰዓት ምክርና በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ የስልክ ወይም የቤት ለቤት ክትትል አገኘ። በ18 ወሩ መጨረሻ ራሳቸውን ያጠፉት ከዚህ ቡድን 0.2 በመቶ፣ ከሌላው ቡድን ደግሞ 2.2 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ የአእምሮ ሐኪም ለማይበዛባቸው አገሮች ልዩ ጠቀሜታ አለው።

የቤተሰብና የወዳጅ ሚና

ቤተሰብ የእፎይታውን ቀናት ለድጋፍ ማደራጃ ሊጠቀምባቸው ይችላል። በዚህ ጊዜ ታካሚው ለመነጋገር ዝግጁ ሊሆን ስለሚችል የክትትል ቀጠሮ መያዝ፣ የደኅንነት ዕቅድ መጻፍና ጎጂ ነገሮችን ከቤት ማራቅ ይቀላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ፣ ጠያቂ ሲቀንስ፣ መጠየቅን መቀጠል ከመጀመሪያው ሳምንት ግርግር ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

ስለ ሞት ሐሳብ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይተክልም። «ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ?» የሚለው ጥያቄ በእርጋታና ያለ ወቀሳ ሲቀርብ ሰውየው ብቻውን የያዘውን ነገር እንዲናገር በር ይከፍታል። በአንጻሩ ተግሣጽ፣ ማስፈራራትና «እንዴት ታሳፍረናለህ» የሚሉ ቃላት ኀፍረቱን ያባብሳሉ፣ ሰውየውም ምልክቶቹን እንዲደብቅ ያደርጋሉ።

ቤተሰብ ወዲያውኑ ባለሙያ ሊጠራባቸው ከሚገቡ ምልክቶች መካከል ስለ ሞት መናገር፣ ሰውን መሰናበት ወይም ንብረት ማከፋፈል፣ እንቅልፍ ፈጽሞ ማጣት፣ መቅበጥበጥ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ራስን ከሰው ማግለልና ያለ ግልጽ ምክንያት ከከባድ ጭንቀት ወደ ድንገተኛ መረጋጋት መለወጥ ይገኙበታል።

በኢትዮጵያ

በቡታጅራና አካባቢው በ10,468 አዋቂዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ 3.2 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደሚያውቁ አመልክቷል። በዚያው ዓመት በታተመ የአዲስ አበባ ጥናት መጠኑ 0.9 በመቶ ነበር።

በኢትዮጵያ የድባቴ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ ሐዘናቸውን ከመናገር ይልቅ ራስ ምታትን፣ ማቃጠልን፣ የልብ መምታትን ወይም ድካምን ያስቀድማሉ። ስለዚህ ከሙከራ በኋላ የአካል ስሜቱ ሲሻለው ድባቴው የለቀቀው ሊመስል ይችላል። ብዙ ቤተሰቦች በመጀመሪያ ወደ ጠበል፣ ወደ ጸሎት ቤት ወይም ወደ ሃይማኖት አባት ይሄዳሉ። ሃይማኖት ለብዙዎች ከሞት ሐሳብ የሚከላከል ጉልበት ነው። በሌላ በኩል ራስን ማጥፋት በክርስትናም በእስልምናም ከባድ ኃጢአት ተደርጎ ስለሚታይ የተረፈው ሰው ጸጸት ሊበረታ፣ ቤተሰቡም ጉዳዩን በአደጋ አስመስሎ ሊደብቀው ይችላል። ሙከራው ሲደበቅ ታካሚው ለአካሉ ጉዳት ብቻ ታክሞ ይወጣል፤ ድባቴው ሳይመረመር ይቀራል። ጠበልና ሕክምና ጎን ለጎን መሄድ ስለሚችሉ አንዱን ለመያዝ ሌላውን ማቋረጥ አያስፈልግም።

ሕጉ ሕክምና ከመፈለግ የሚያስፈራ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋን ወይም የሚረዳን ይቀጣል እንጂ ሙከራ ያደረገውን ሰው በወንጀል አይጠይቅም።

በአገልግሎት በኩል በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረው የአእምሮ ጤና ክፍተትን የማጥበብ ፕሮግራም በኢትዮጵያም ይሠራበታል። ፕሮግራሙ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ድባቴንና ራስን የማጥፋት ስጋትን እንዲለዩ ያሠለጥናል። ከላይ የተጠቀሰው የአምስት አገሮች ጥናት የተጠቀመበት የቤት ለቤትና የስልክ ክትትል በእንዲህ ያለ መዋቅር ሊሠራበት የሚችል ነው።

የተሳሳቱ አመለካከቶች

«አንዴ ሞክሮ ስላልተሳካለት አይደግመውም።» ያለፈ ሙከራ ዋነኛው የስጋት ምልክት ነው።

«ቶሎ የተሻለው ለማስፈራራት አድርጎት ስለነበር ነው።» የእፎይታው መምጣት ለመሞት የነበረውን ፍላጎት አይለካም። ከልብ ለመሞት የፈለጉ ሰዎችም ከሙከራው በኋላ ሊቀላቸው ይችላል።

«መሞት የፈለገን ሰው ማቆም አይቻልም።» የሞት ፍላጎት ከፍና ዝቅ የሚልና የሚያልፍ ነው። በአሜሪካዊው ሪቻርድ ሳይደን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት፣ ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ በሰው የተገቱ 515 ሰዎችን በአማካይ ከ26 ዓመት በላይ ተከታትሏል። 94 በመቶ ያህሉ በሕይወት አሉ ወይም በተፈጥሮ ሞት ሞተዋል።

«መድኃኒቱ ስለተሻለው ይቁም።» ሕክምናን ቶሎ ማቋረጥ ድባቴው እንዲመለስ በር ይከፍታል። መድኃኒት የሚቆመው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

አስቸኳይ እርዳታ

ራሱን ሊያጠፋ የሚችልን ሰው ብቻውን አለመተውና በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ማድረስ ተቀዳሚ እርምጃ ነው። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በአሜሪካ በ988 ደውሎ የምክር እርዳታ ማግኘት ይቻላል፤ በእስራኤል የኤራን የስልክ መስመር 1201፣ በብሪታንያ ደግሞ የሳማሪታንስ መስመር 116 123 ነው። በእነዚህ መስመሮች ታካሚው ብቻ ሳይሆን ስለ እርሱ የሚጨነቅ ዘመድ ወይም ጓደኛም ሊደውል ይችላል።